ፍላሹን ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት



የምርቃት ወቅት ሲቃረብ በየዶርሙ ደጋግሞ የሚሰማ ነገር አለ፤ «ፋይሌን ቫይረስ በላው» ይባላል። መመረቂያ ጽሑፉን ፕሪንት ሊያስደርግ ፎቶ ኮፒ ቤት የሄደ ተማሪ ተመልሶ ፍላሹን ሲከፍት ፎልደሮቹ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ሆነው ያገኛቸዋል። አንዳንዴም ፍላሹ ጭራሹኑ ባዶ ነው። ጓደኛ ይሰበሰባል፤ ምክር ይዘንባል። ምክሩ ግን ዞሮ ዞሮ ሁለት ነው፤ «በአንቲቫይረስ ስካን አድርገህ የተገኘውን ሁሉ ዲሊት በለው» ወይም «ፎርማት አድርገውና ተገላገል»። ቫይረሱ ያልነካው ፋይል ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ከእነዚህ ምክሮች በኋላ ነው።

የሚጠፋው ነገር ቀላል አይደለም። ከተፈጥሮ ሀብት ዲፓርትመንት አንድ ተማሪ እናስብ። ጊንጪ አጠገብ ወዳለው ጭልሞ ደን እየተመላለሰ የጥዱን፣ የዝግባውንና የወይራውን ግንድ በሜትር ለክቷል፤ ቀን በወረቀት የመዘገበውን ማታ ወደ ኤክሴል ገልብጧል። ጽሑፉ ቢጠፋ ከአድቫይዘሩ ኢሜይል ላይ አሮጌ ቅጂ አይጠፋም፤ ካልሆነም እንደገና ይጻፋል። ልኬቱ ግን ከጠፋ ተመልሶ ደኑ ውስጥ መግባት ነው። ዲፌንስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይህ የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። አንቲቫይረስ ዋና ሥራው ቫይረሱን መያዝ ነው። ፋይላችሁን መመለስ ሌላ ሥራ ነው፤ አንቲቫይረሱ አንዳንዴ ይሠራዋል፣ አንዳንዴ በከፊል ይሠራዋል፣ አንዳንዴ ፈጽሞ አይችልም። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ቫይረሱ በፋይሉ ላይ ያደረገው ነገር ነው፤ ደብቆት ነው? ውስጡ ገብቶ ነው? ወይስ ቆልፎት?

በግቢያችን በብዛት የምናየው መደበቁን ነው፤ ደግነቱ ከሁሉም ቀላሉም እሱ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ድሮ ፍላሽ ገና ሲሰካ ዊንዶውስ ውስጡ ያለውን ፕሮግራም በራሱ ያስነሳ ነበር፤ አውቶራን ይባላል። የፍላሽ ቫይረሶች የሚጋልቡት በዚህ ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን በር በዊንዶውስ 7 ዘጋው፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ደግሞ ለአሮጌዎቹ ለኤክስፒና ለቪስታ ማስተካከያ ላከ። ከዚያ በኋላ ቫይረሱ ሰው በእጁ እንዲጫነው ማድረግ ነበረበት። ዘዴውም ይህ ሆነ፦ እውነተኛውን ፎልደር «ድብቅ» እና «የሲስተም» የሚል ምልክት ሰጥቶ ከዓይን ይሰውረዋል፤ በምትኩ በዚያው ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። እናንተ ፎልደሩን የከፈታችሁ መስሏችሁ ስትጫኑ ሾርትከቱ አስቀድሞ ቫይረሱን ያስነሳል፣ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትላችኋል። ፋይላችሁ ስለሚከፈት ምንም አትጠረጥሩም። ላፕቶፓችሁ ግን በዚያች ቅጽበት ተይዟል፤ ቀጥሎ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ እንደዚያው ያደርጋል።

አንቲቫይረስ ይህን ሲያገኝ ቫይረሱንና ሾርትከቶቹን ያጠፋል። የደበቀውን ግን ሁሉም አይገልጠውም። ሾርትከቱ ጠፋ፣ ፎልደሩ አሁንም ድብቅ ነው፤ ስለዚህ ፍላሹ ባዶ ይመስላል። ሰውም «አንቲቫይረሱ አጠፋብኝ» ብሎ ፎርማት ያደርገዋል።

ከዚያ በፊት አንዲት ነገር ብቻ አድርጉ። የፍላሹን ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግቡና የተያዘውን ቦታ ተመልከቱ። ባዶ በሚመስለው ፍላሽ ላይ 3 ጊጋ ባይት ተይዟል ካለ ፋይሎቹ እዚያው ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ በሉና ተረጋጉ።

ለመግለጥ የፋይል ኤክስፕሎረርን ቪው፣ ከዚያ ኦፕሽንስ የሚለውን ክፈቱ። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምረጡ፤ ከሥሩ ደግሞ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለው ላይ ያለውን ራይት አንሱ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አድርጎ «አልታየም» ይላል፤ ቫይረሱ ሁለቱንም ምልክት ስለሚሰጥ ሁለቱም መነካት አለባቸው። ፎልደሮቹ ደብዘዝ ብለው ይመጣሉ። አንዳንዴ ስም የሌለው ፎልደር ብቻ ብቅ ይላል፤ እሱን ክፈቱት፣ ቫይረሱ ሁሉን ነገር እዚያ ውስጥ ጠቅልሎ አስቀምጦት ይሆናል።

ምልክቱን ከነጭራሹ ለማንሳት አትሪብ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ከማንኛውም ዊንዶውስ ጋር ይመጣል። ኮማንድ ፕሮምፕትን ክፈቱ፣ የፍላሹን ፊደልና ሁለት ነጥብ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ፊደላት አትሪብ ብላችሁ ቀጥሉ፦ ሰረዝ ኤች፣ ሰረዝ አር፣ ሰረዝ ኤስ፣ ስላሽ ኤስ፣ ስላሽ ዲ፣ በመጨረሻም ኮከብ ነጥብ ኮከብ። ከኮከብ ነጥብ ኮከብ በስተቀር በእያንዳንዱ መካከል ክፍተት ይኑር። ኤች ድብቅነቱን፣ ኤስ የሲስተም ምልክቱን፣ አር ደግሞ አንብብ እንጂ አትጻፍ የሚለውን ያነሳል። ይህን መጻፍ ለሚከብደው ስማዳቭ የሚባለው የኢንዶኔዥያ አንቲቫይረስ ፍላሽ ስካን ሲያደርግ የተደበቀውን ይገልጣል። ስማዳቭ ግን ከዋና አንቲቫይረስ ጎን እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው፤ እሱን ብቻ ጭኖ መቀመጥ በቂ አይደለም።

ቅደም ተከተሉ እንዳይዘነጋ፤ መጀመሪያ ላፕቶፑ ይጸዳል፣ ቀጥሎ ፍላሹ ይገለጣል። ላፕቶፑ እንደተያዘ ብትገልጡት በደቂቃ ውስጥ መልሶ ይደብቀዋል። ቫይረሱ እየሠራ ሳለ አልጠፋ ካለ ዊንዶውስ ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን የሚባል አማራጭ አለው፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ ይፈትሻል። 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ኢንተርኔትም አይጠይቅም።

ሁለተኛው ቫይረሱ ፋይሉ ውስጥ ሲገባ ነው። እዚህ ላይ የአንቲቫይረስን ቃላት መለየት ያስፈልጋል። ዲስኢንፌክት ወይም ክሊን ማለት ቫይረሱን ከፋይሉ ነቅሎ ፋይሉን መተው ነው። ኳራንቲን ማለት ፋይሉን ከነቫይረሱ ተቆልፎ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ማስገባት ነው፤ አይሠራም፣ ግን አልጠፋም። ዲሊት ዲሊት ነው። አንቲቫይረሱ ሲጠይቃችሁ መጀመሪያ ክሊን፣ ካልሆነ ኳራንቲን በሉ። የራሳችሁ ሥራ ያለበትን ፋይል ዲሊት አትበሉ።

ልዩነቱ የገባው ሰው ብዙ ያተርፋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ዶሪፈል የሚባል ቫይረስ በኔዘርላንድስ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን መታ። የሚያደርገው የሰውን የወርድና የኤክሴል ሰነድ ቆልፎ ከራሱ ጋር በአንድ ፋይል ማሰር ነበር፤ ፋይሉ ከላይ ሲታይ ቫይረስ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ግን ሰነዱ አለ። ዲሊት ያለ ሰው ሰነዱንም አብሮ ቀበረ። ኳራንቲን አድርጎ የጠበቀ ሰው ሰነዱን ፈልቅቆ የሚያወጣ መሣሪያ ሲወጣ ሥራውን አገኘ።

የወርድ ማክሮ ቫይረስ ከዚህ ይቀላል። ቫይረሱ የሚቀመጠው ማክሮ በሚባለው ክፍል ውስጥ ስለሆነ አንቲቫይረሱ ማክሮውን ሲያነሳ ጽሑፋችሁ ይቀራል። እንደ ሳሊቲና ራምኒት ያሉት ደግሞ በዋናነት ፕሮግራሞች ውስጥ ነው የሚገቡት። የተበላሸ ፕሮግራም ለማዳን አትድከሙ፤ ከጸዳ ምንጭ እንደገና ጫኑት። ጊዜ የሚሰጠው ሌላ ሊተካው ለማይችለው ነገር ነው።

ኳራንቲን የገባን ፋይል ለማየት በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ክፈቱ፤ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ውስጥ ፕሮቴክሽን ሂስትሪ የሚል አለ። የታገዱት ነገሮች ዝርዝር ይመጣል፤ አንዱን ስትነኩ ሪስቶር የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ። አቫስትም ካስፐርስኪም በየራሳቸው ስም ይህንኑ ክፍል አላቸው። ሪስቶር ማድረግ ያለባችሁ ግን ፋይሉ ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ስታውቁ ነው። መጨረሻው የፕሮግራም ምልክት የሆነ «አሳይመንት» አሳይመንት አይደለም።

አንቲቫይረስ ራሱ አይሳሳትም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 2010 ማካፊ የላከው አንድ ማሻሻያ የዊንዶውስ ኤክስፒን የራሱን ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ያዘው፤ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮች እየጠፉ እየበሩ መሥራት አቃታቸው። ሪስቶር የሚለው ቁልፍ የተፈጠረው ለእንዲህ ያለው ቀን ጭምር ነው።

ዲሊት ከተባለ በኋላስ? ፎርማት ከተደረገስ? አሁንም ተስፋ አለ፤ ግን አንድ ጥብቅ ሁኔታ አለው፤ ፍላሹ ላይ ምንም ነገር አትጻፉበት። ፋይል ሲጠፋ የሚሰረዘው ከዝርዝሩ ላይ ነው፤ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ኩዊክ ፎርማትም እንደዚሁ ነው። ሙሉው ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ዲስኩን በዜሮ ስለሚሞላ የሚተወው ነገር የለም። ሪኩቫ እና ፎቶሬክ የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች የቀረውን ለቅመው ያወጣሉ፤ ያወጡትን በላፕቶፑ ላይ አስቀምጡ እንጂ መልሳችሁ ፍላሹ ላይ አታድርጉ። ፎቶሬክ የፋይሉን ስም አያመጣም፤ በቁጥር የተሰየሙ በርካታ ፋይሎች ይሰጣችኋል፣ ከፍታችሁ መፈለግ ነው። አሰልቺ ነው፣ ግን ጭልሞ ድረስ ተመልሶ ከመሄድ ይሻላል። በላፕቶፑ ኤስ ኤስ ዲ ላይ የጠፋ ፋይል ግን ዊንዶውስ ወዲያው ስለሚያጸዳው የመመለስ ዕድሉ ጠባብ ነው።

ሦስተኛው መቆለፉ ነው፤ እውነተኛው ራስ ምታት ይህ ነው። ራንሰምዌር የሚባሉት ቫይረሶች ፋይሉን በምስጢር ቁልፍ ቀይረው «ገንዘብ ክፈሉ፣ ቁልፉን እንሰጣለን» ይላሉ። ብዙ ሰው የሚያውቀው እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 የተነሳውንና ከ150 በላይ አገሮችን ያዳረሰውን ዋናክራይን ነው። ለተማሪ ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ስቶፕ ወይም ዲጄቩ የሚባለው ነው፤ ምክንያቱም ዋና መንገዱ የተሰበረ ሶፍትዌር ነው። ኦፊስን ወይም ዊንዶውስን ያለ ክፍያ የሚያነቃ ክራክ ስታወርዱ «አንቲቫይረሱን መጀመሪያ አጥፉ» የሚል መመሪያ አብሮ ይመጣል። የሐላል ሐራሙን ጉዳይ ለዑለሞች እንተወውና፣ በራችሁን ከፍታችሁ ሌባ ጥሩ ማለት ይኸው ነው። ፋይሎቹ ሲቆለፉ የዊንዶውስ አፕዴት የሚመስል የውሸት መስኮት ይታያል። ሲያልቅ የፋይሎቹ መጨረሻ ላይ እንግዳ ፊደላት ተጨምረዋል፤ በየፎልደሩም 980 ዶላር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490 ዶላር የሚጠይቅ ሪድሚ የሚባል የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር ይገባል፤ አንቲቫይረስ የተቆለፈውን አይከፍትም። ቫይረሱን ያጠፋል፤ ፋይሉ ግን እንደተቆለፈ ይቀራል። ቢሆንም ሁሉም አላለቀም። ኤምሲሶፍት የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ለዲጄቩ ነጻ መፍቻ አወጣ። ከዚያ ዓመት ነሐሴ በኋላ ለወጡት ዝርያዎች የሚሠራው ቫይረሱ ከኢንተርኔት ሳይሆን ራሱ ይዞት በመጣው ቁልፍ የቆለፈ ከሆነና ያ ቁልፍ ከተገኘ ነው። ለማወቅ ሪድሚው ውስጥ ያለውን የግል መለያ ቁጥር ተመልከቱ፤ መጨረሻው ቲ1 ከሆነ የተቆለፈው በዚህኛው ቁልፍ ነውና ተስፋ አለ። ቫይረሱ ሲሠራ ኢንተርኔት ያልነበረው ላፕቶፕ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ የኔትወርክ መቆራረጥ የጠቀመበት ብርቅ አጋጣሚ!

ሌላም አለ። ዲጄቩ ለመፍጠን ሲል ከእያንዳንዱ ፋይል የሚቆልፈው የመጀመሪያውን 150 ኪሎ ባይት ያህል ብቻ ነው። አጭር የወርድ ፋይል በዚህ ያልቃል። የአንድ ሰዓት የደርስ ቅጂ ወይም ቪዲዮ ግን ብዙው ክፍሉ አልተነካም፤ የተሰበረ ድምፅና ቪዲዮ በሚጠግኑ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ማዳን ይቻላል። ጀመዓው የቀረጻቸው ትምህርቶች ያሉበት ዲስክ ቢቆለፍ «አለቀ» ብላችሁ አትጣሉት።

ለሌሎቹ ዓይነቶች ኖ ሞር ራንሰም የሚባለውን ፕሮጀክት ተመልከቱ። የኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ ዩሮፖል፣ ካስፐርስኪና ኢንቴል ሴኪዩሪቲ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 የጀመሩት ነው፤ የተቆለፈ ፋይል ናሙና ስትሰጡት የትኛው ቫይረስ እንደሆነ ለይቶ መፍቻ ካለ በነጻ ይሰጣል። ከየቴሌግራም ግሩፑ የሚላክ «መፍቻ» ግን አትክፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2020 የዲጄቩ መፍቻ ነኝ ብሎ የመጣ አንድ ፕሮግራም የተቆለፉትን ፋይሎች በሌላ ቁልፍ ደግሞ የሚቆልፍ ሆኖ ተገኝቷል። መፍቻ ዛሬ ከሌለም የተቆለፉትን ፋይሎች አታጥፉ፤ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ቴስላክሪፕት የሚባለውን ያሰራጩት ሰዎች እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ራሳቸው ዋናውን ቁልፍ ለሕዝብ ለቀውታል፤ ፋይላቸውን ያቆዩ ሰዎች ከወራት በኋላ ከፈቱት። ዲጄቩ ብዙ ጊዜ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሌላ ቫይረስ አብሮት ስለሚመጣ የኢሜይላችሁንና የቴሌግራማችሁን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ ቀይሩ።

ብልሽት ሁሉ ቫይረስ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ተከፍቶ የነበረ፣ ወይም ፍላሹ ኢጀክት ሳይባል የተነቀለ ፋይልም አልከፈት ይላል። ወርድ ውስጥ ኦፕን ስትሉ ከቁልፉ ጎን ባለችው ቀስት ኦፕን ኤንድ ሪፔር የሚል አለ፤ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

ከመመለስ ይልቅ ሁለተኛ ቅጂ መያዝ እንደሚቀል ሁሉም ያውቃል፤ የሚያደርገው ጥቂት ነው። ፍላሽና ላፕቶፕ ሁለት ቅጂ ይመስላሉ፤ ሲገናኙ ግን ቫይረሱ ሁለቱንም ያገኛል። አንዱ ቅጂ ላፕቶፑ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። የማታውን የኤክሴል ፋይል ቀኑን በስሙ ላይ ጽፎ ቴሌግራም ሴቭድ መሴጅስ ላይ መላክ ጥቂት ኪሎ ባይት ነው የሚበላው። ጉግል ድራይቭ ደግሞ የተለወጠን ፋይል የቀድሞ ይዘት ለ30 ቀን ያቆያል፤ የተቆለፈው ቅጂ ተጭኖበት እንኳ ቢሆን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ዋና አንቲቫይረሳችሁ ዲፌንደር ከሆነ ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ የሚባለውን አብሩት፤ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ያልታወቀ ፕሮግራም ዶክመንትስና ፒክቸርስ ውስጥ እንዳይጽፍ ይከለክላል። አንዳንዴ የራሳችሁን ፕሮግራም ሊያግድባችሁ ይችላል፤ ያኔ ለእሱ ብቻ ፈቃድ ትሰጣላችሁ።

ፎቶ ኮፒ ቤቶቹን መርገም ደግሞ ተገቢ አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ጎጂ ፕሮግራም ሆን ብሎ ማሰራጨትን ያስጠይቃል፤ ባለሱቁ ግን እንደ እኛው ተጎጂ ነው፣ በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካበት አስቡት። ዋናው ግቢ በር ላይም ሆነ ሐጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ አካባቢ ስትሄዱ የሚታተመውን ፋይል ብቻ ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ፣ ሌላ ምንም በሌለበት አሮጌ ፍላሽ ያዙ፤ ወይም በቴሌግራም ላኩለት። ጎን ላይ መቆለፊያ ባለው አዳፕተር ውስጥ የገባ ሚሞሪ ካርድም ይሠራል፤ መቆለፊያውን ወደ ታች ካደረጋችሁት አብዛኛው ኮምፒውተር ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልበትም። የጓደኛ ወይም የጀመዓው ፋይል ያለበት ፍላሽ ግን አማና ነውና ለፕሪንት አይወጣም።